ትርፍ ያልተተወለት መንገድ

«ጋሼ፣ ሜትሩን ከጠረጴዛው ላይ ያንሱልኝ» አለች ቲኬት ቆራጯ።

ልብስ ሰፊው አላነሳም። ከመስታወቱ ሥር በተዘረጋው ካርታ ላይ የሜትሩን አንድ ጫፍ በራሱ ከተማ፣ ሌላውን እህቱ ሆስፒታል በተኛችበት ከተማ ላይ በአውራ ጣቱ ተጭኖ ይዟል።

«አሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር» አለ። «ስልኬም ሁለት ሰዓት ከሃያ ይላል። አንቺ ደግሞ አሥራ ስምንት ሰዓት ተኩል ትይኛለሽ። ትርፉ ከየት መጣ?»

«ስልክዎ የሚነግርዎ በቀጥታ ቢበሩ ነው። በቀጥታ የሚበር ደግሞ የለም። ዛሬ አሥር ሰዓት ተነሥተው መጀመሪያ እዚህ ይወርዳሉ» ብላ ካርታው ግርጌ ያለች ነጥብ አሳየችው። «እዚያ አሥራ ሁለት ሰዓት ይጠብቁና ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል ይደርሳሉ።»

«እህቴ እኮ በስተሰሜን ናት። ደቡብ ምን አስኬደኝ?»

«መንገዱ ነዋ።»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ምን እሠራለሁ?»

«ይቀመጣሉ።»

«መቀመጡንማ እዚህስ መች አቃተኝ።»

ከኋላው የተሰለፉት ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

እህቱ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሆዷ ውስጥ ያለውን እብጠት በቀዶ ጥገና ልታስወጣ ነው። ይህ ተራ ካለፋት ቀጣዩ ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ ያን ያህል አይቆይም ብሏል። እሷ ግን «ወንድሜን ሳላይ አልገባም» ብላ ድርቅ ብላለች። እሱም ትናንት ስልኩን አየት አድርጎ «ሁለት ሰዓት ምን አላት፣ ነገ ማታ አጠገብሽ ነኝ» ሲል አፉን ሞልቶ ቃል ገባላት። ለኮት ጨርቅ ሲቆርጥ ለስፌት ሁለት ጣት ትርፍ ሳይተው መቀስ የማያነሳ ሰው፣ ለመንገዱ የክር ያህል እንኳ አልተወም። ለነገሩ ለደንበኞቹ ቀጠሮም ትርፍ ትቶ አያውቅም፤ ይህን ሰፈሩ በሙሉ ይመሰክራል።

ከሰልፉ ፈቀቅ ብሎ ደወለ።

«እታለም፣ ዛሬ አልደርስም።»

«ጠርጥሬያለሁ። ሚዜዎቼ መኪና ውስጥ እየጠበቁ የሠርግ ቀሚሴን እላዬ ላይ የጨረስክ ሰው። በል ጠዋት ድረስ።»

«ጠዋትም ከሦስት ሰዓት በፊት አልደርስም።»

«እንግዲያው ተራዬን ለሌላ ይስጡት።»

«አይሰጡትም። ግቢ።»

«ብቻዬን?»

«ብቻሽን። ስድቡን አቆዪልኝ፣ ስትነቂ ትሰድቢኛለሽ።»

«ስነቃ ትኖራለህ?»

በሩ ላይ ነኝ ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። «አንዴ ቆዪኝ» ብሎ ወደ ቲኬት ቆራጯ ተመለሰ።

«ልጄ፣ እህቴ ያለችበት ከተማ ከአየር ማረፊያው እስከ ትልቁ ሆስፒታል ስንት ይፈጃል?»

«አንድ ሰዓት። መንገዱ ከተዘጋጋ ሁለት።»

በጣቱ ቆጠረ። አንዴ ቆጥሮ፣ ደግሞ ቆጠረ።

«ስምንት ሰዓት» አለ በስልኩ።

«ሰባት ላይ አትደርስም?»

«ልደርስ እችላለሁ። አንቺ ግን ስምንት ብለሽ ያዢ።»



«እሺ፣ እገባለሁ» አለች። «ስምንት።»

ሜትሩን ከመስታወቱ ላይ አንሥቶ መጠቅለል ጀመረ።

«ቁረጪልኝ» አላት ቲኬት ቆራጯን።