ካልቱን ያሳየችው በር

ከቢዮ አዋሌ መንደር አለፍ ብሎ፣ ካንድ የድንጋይ ዋሻ ደጃፍ የጥንት ሰፈራ አጥኚው ዶክተር ዮኒስ አምስት ሳምንት ያስቆፈረው ጉድጓድ ያን ሐሙስ ሊደፈን ነበር። የሚደፍኑት ሰዎች አካፋቸውን ተደግፈው ጥላ ሥር ቆመዋል። የተገኘው ነጭ አመድ ብቻ ነው። ዶክተሩም ማስታወሻው ላይ «ምድጃ፤ መንገደኞች አድረውበታል» ብሎ ጨርሷል።

አፈሩን የምትነፋው ካልቱን ወንፊቷን አስቀመጠች።

«ዶክተር፣ ይሄ ምድጃ አይደለም። የፍየል በረት ነው።»

«በምን አወቁ፣ ኤዶ ካልቱን?» ኤዶ አክስት ማለት ነው። እሱ አዲስ አበባ ስለተማረ አንቱ ይላታል፤ እሷ ሁሉም ሰው አንተ በሚባልበት እዚሁ ስላደገች አንተ ትለዋለች።

«መዥገር ሲበዛ የፍየሉን በጠጥ እዚያው በረቱ ውስጥ እናቃጥላለን። ነበልባል የለውም፤ ሳምንት ይጤሳል። ላዩ ነጭ፣ ታቹ ጥቁር ይሆናል። ምድጃ ደግሞ ክብ ነው። ይሄ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ ዳሩ እዚህ ጋ ለምን ቀጥ አለ? አጥር ስለነበረ።»

«የዛሬን ልማድ በጥንት ሰው ላይ መለጠፍን የሙያችን ንድፈ ሐሳብ አይፈቅድም።»

«ንድፈ ሐሳብህ ፍየል አለው?»

ባለ አካፋዎቹ ሳቁ። ዶክተሩ አልሳቀም፤ ሲናደድ የሚጠይቅ ሰው ነው።

«እሺ። በረት ከሆነ፣ ገና ያልቆፈርነው ቦታ ላይ ምን እናገኛለን? አስቀድሜ ልጻፈው። ካልተገኘ ይደፈናል።»

«በር» አለች። «ወደ ዋሻው የዞረ፤ እዚያ የተኛ ሰው ጅብ ሲመጣ እንዲሰማ። ሁለት ቋሚ አለው።» ሁለት ጠጠር አስቀመጠች። «እዚህና እዚህ።»

«እንጨት እኮ ይበሰብሳል» አለ ከባለ አካፋዎቹ አንዱ፣ ዐብዱላሂ።

«ይበስብስ። የተተከለበት ጉድጓድ የት ይሄዳል?»

ዶክተሩ ቀና ብሎ አያት። የበሰበሰ እንጨት ጉድጓድ በአፈሩ ቀለም እንደሚለይ እሱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ሙሉ ወር ያስተምራል።

ጠጠሮቹ ያሉበትን አፈር በብሩሽ ጠረጉት። እስከ ቀትር ባዶ አፈር። ከዚያ በመጀመሪያው ጠጠር ሥር ክንድ የሚያስገባ ጥቁር ክብ ወጣ። ሁለተኛው ከጠጠሩ አንድ ስንዝር ፈቀቅ ብሎ ተገኘ።

«ትንሽ ፈቀቅ ብሏል» አለ ዶክተሩ።

«አጣመው ተክለውት ነው።»

ዶክተሩ «ምድጃ» የሚለውን ሰረዘና «በረት፤ አርቢዎች ኖረውበታል። ያወቁት ኤዶ ካልቱን» ብሎ ጻፈ። ባለ አካፋዎቹን መድፈኑ ቀርቶ ሌላ ሁለት ሳምንት ትቆፍራላችሁ አላቸው።

«ኤዶ ካልቱን፣ ግልገሎቹስ የት ያድሩ ነበር?»

እሷ ወደ ዋሻው ግራ መራመድ ጀመረች። ዶክተሩ አዲስ ጉድጓድ የሚለካበትን ገመድና ካስማ ይዞ ተከተላት።