አረንጓዴ የተቀቡት ቱቦዎች

«ማነው የቀባው?»

መዶሻ ገና አንድ እግሯን ከመኪናው ማውረዷ ነበር፤ ድምጿ ቀድሟት ግቢውን አዳረሰ። ሠራተኞቹ ፊት ለፊት «እትዬ» ይሏታል። መዶሻ የሚሏት ዞር ስትል ነው፤ እሷም ታውቃለች፣ ደስም ይላታል። ብረት አቅራቢን ታዲያ ጥጥ ሊሏት ኖሯል?

በግቢው መሃል በአግዳሚ እንጨት ላይ የተደረደሩት ትልልቅ የብረት ቱቦዎች ትናንት ጥቁር ነበሩ። ዛሬ አረንጓዴ ሆነው ያብለጨልጫሉ።

ግቢውን የሚመራው ታላቅ ወንድሟ ምስጋናውን ሊቀበል ደረቱን ነፍቶ ቀረበ።

«አማሩ አይደል? አንቺ ጉምሩክ ስትጉላዪ እኛም እዚህ አልተኛንም።»

«ጋሼ፣ ቁጥሩስ?»

«የምን ቁጥር?»

በየቱቦው ጫፍ፣ ብረቱ ከየትኛው ማቅለጫ መቼ እንደወጣ የሚናገር ቁጥር በስሱ ተመትቶበታል። እነዚህ ቱቦዎች ጫፍ ለጫፍ ተበይደው፣ ተራራ አቋርጠው፣ በሰው መንደር ሥር ተቀብረው የተፈጥሮ ጋዝ የሚያሻግሩ ናቸው። አንዱ ቢሰነጠቅ «አብረውት የቀለጡት ወንድሞቹ የት የት ተቀብረዋል?» ተብሎ የሚፈለገው በዚያ ቁጥር ነው። ቁጥር የሌለው ቱቦ ዘመዱ እንደማይታወቅ ሰው ነው፤ ሻይ ይጋብዙታል እንጂ ልጅ አይድሩለትም።

«እንግዳ ሲመጣ ቤት ይቀባል ብዬ ነዋ!» አለ ወንድሟ። «ተቆጣጣሪዋ ከሰዓት ትመጣለች አላልሽም? እንዲህ ጥቀርሻ መስለው ልታያቸው ነው?»

«ልትመረምራቸው እንጂ ልታገባቸው አይደለም የምትመጣው!»

ዘበኛው ፊቱን አዙሮ ሳቀ። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። መዶሻ ለዚህ ረጅም መስመር ብረት ስታቀርብ የመጀመሪያዋ ነው። ጭነቱ ካለፈ የቀረው መስመርም የእሷ ይሆናል፤ ከወደቀ ሥራው ለሌላ አቅራቢ ይሄዳል። ዕድሜዋን ሙሉ ሚስማርና ቆርቆሮ ስትቸረችር ኖራ እዚህ ደርሳ፣ በቀለም ባልዲ ልትሰጥም ነው።

«ቲነር አምጡ! ጨርቅ አምጡ! እጅ ያለው ሁሉ ጫፍ ጫፋቸውን ይፈግፍግ!»

የክሬኑ ሹፌር ከላይ ወረደ፤ በያጁ ጓንቱን አጠለቀ። የወንድሟ ሚስት ግቢው ጥግ ካለው ቤታቸው ጨርቅ ታቅፋ መጣች።

«ቆይ፣ ይሄ የኔ ሸሚዝ አይደለም እንዴ?» አለ ባሏ።

«ነበር» አለችው፣ እጅጌውን ገንጥላ ለበያጁ እያቀበለች።

«የሠርጌ ሸሚዝ እኮ ነው!»

«ሆድህ እምቢ ካለው ስንት ዓመቱ! ዛሬ ገና ሥራ አገኘ።»

አረንጓዴው ሟሙቶ ሲወርድ የመጀመሪያው ቁጥር ብቅ አለ። የወንድሟ ሚስት ልጅ የተወለደ ይመስል እልል አለች። ሁለተኛው ወጣ፣ ሦስተኛውም። እልልታው ቀጠለ፤ በያጁ መዝፈን ጀመረ፤ ወንድሟም እያጉረመረመ በገዛ ሸሚዙ ወለወለ። መዶሻም ሳታስበው ትከሻዋ ከዘፈኑ ጋር ነቅነቅ አለ።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ቱቦዎች ላይ ግን ምንም አልወጣም። ቢፈተጉ፣ ቢታጠቡ፣ ጫፋቸው ልሙጥ ነው።

«እነሱ ሻካራ ሆነውብኝ ሞረድኳቸው» አለ ወንድሟ ቀስ ብሎ። «ክንዴ ባይዝል ሁሉንም አለሰልሳቸው ነበር።»

«ክንድህን ያዛለው አምላክ» አለች ሚስቱ፣ «ስሙ ይመስገን!»

የቱቦዎቹ ርዝመትም ውፍረትም አንድ ነው፤ በምን ይለዩ? ወንድሟ የቁጥር መምቻውን ይዞ መጣና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«ስሚኝ እህት ዓለም። በጭነቱ ሰነድ ላይ ካሉት ያልተገኙት ቁጥሮች ሁለት፣ ቱቦዎቹም ሁለት። ሁለት ሙሽራ፣ ሁለት ሙሽሪት ቀሩ ማለት ነው። ማን ማንን ቢያገባ ያው ሠርግ ነው።»

«ሠርጉ መች አስፈራኝ? ፍቺው ነው እንጂ።»

እንዲህ ትበል እንጂ መምቻውን ተቀበለችው። አንዱ ቱቦ ጫፍ ላይ አስቀመጠችው። የምትመታበትን መዶሻ ባይኗ ስትፈልግ ነው የመኪና ጥሩምባ በሩ ላይ የጮኸው። መምቻውን ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

ተቆጣጣሪዋ ቀጠን ያለች ወጣት ናት፤ ለወሬ የምትቸኩል አይደለችም። በቲነሩ ሽታ አፍንጫዋን ሸብሽባ ሁሉንም አየቻቸው።

«እጃችሁም እንደ ቱቦዎቹ አረንጓዴ የሆነው ምን ሆኖ ነው?»

«አትክልት ስንተክል ነው» አለ የክሬኑ ሹፌር።

አልሳቀችም። በእያንዳንዱ ቱቦ ላይ የውፍረት መለኪያዋን እያሳረፈች፣ ቁጥሩን እያነበበች፣ እየመዘገበች ሄደች። መዶሻ ኪሷ ውስጥ መምቻውን ጨብጣ ከኋላዋ ተከተለች። ተቆጣጣሪዋ ሁለቱ ጋ ደረሰች።

«የእነዚህስ?»

ወንድሟ አፉን ከፈተ። መዶሻ ቀደመችው።

«የእነሱ ቁጥር እዚሁ እኛው ዘንድ ተሞርዶ ጠፍቷል፣ ልጄ። የትኛው የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅም። የማላውቀውን ብረት አልሸጥልሽም።»

ወንድሟ ያልያዘውን ጉንፋን ሳለ። ተቆጣጣሪዋ ቀና ብላ አየቻት።

«ሁለት ይጎድላል ብዬ እጽፋለሁ።»

«ጻፊ።»

«ምትካቸው ከመጫኑ በፊት ካልመጣ ውሉ እንደሚፈርስ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ። ይመጣል።»

«ሌሎቹ አልፈዋል።» ፈረመችና መሣሪያዋን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች፤ አሁን ከንፈሯ ላይ ሳቅ ነበር። «የቀረውን አረንጓዴ ግን እስከ መጨረሻው አስለቅቁት። ከመቀበራቸው በፊት ሌላ ልባስ ይደረግባቸዋል።»

«እስከ መጨረሻው?» አለ ወንድሟ፣ የቱቦዎቹን ርዝመት በዓይኑ እየለካ። «ሸሚዝ የለኝም እኮ!»

«ሱሪ አለህ» አለች ሚስቱ፤ ግቢው በሳቅ ተናጋ።

ሳቁ ሲበርድ ወንድሟ ሁለቱን ቱቦዎች በመዳፉ መታ መታ አደረገ።

«እነዚህንስ? ደህና ብረት ናቸው፤ ከመጋዘኑ ጀርባ ይቀመጡ። ነገ ለአንድ ነገር ይሆኑናል።»

መዶሻ በያጁን ጠራችው።

«መቁረጫህን አምጣና ከወገባቸው በጥሳቸው። እዚሁ ቆሜ እያየሁ።»

«ኧረ እትዬ፣ ደክሞናል! ነገ ብንቆርጣቸውስ?»

«ዛሬ ጨዋ ሆኜ ውያለሁ፤ ነገ ምን ሆኜ እንደምነሳ በምን አውቄ!» አለችው። «ቁረጥ!»