የፈረስ ተራ

ዘነበ ካዛንቺስ ባለው ቢሮው መስኮት ቆሞ አቶ ሀብተሥላሴን ሲጠብቅ፣ ሽማግሌው ከሚኒባስ ወርደው በቀጥታ ማዶ ወዳለው ሕንፃ ገቡ። የሰብሪና ቢሮ! ሰብሪና ማለት እኮ ትናንት እሱው ቀጥሮ፣ እሱው ተራራውን አሳይቶ ያሠለጠናት ልጅ ናት። ይኸው ዛሬ የራሷን አስጎብኚ ድርጅት ከፍታ ፊት ለፊቱ ተሰይማለች። አያበሳጭም?

ነገሩ ደግሞ ቀላል አይደለም። የአቶ ሀብተሥላሴ አገር ሰዎች ተራራው ላይ ያለው የጥድ ደናቸው በእንግዳ ብዛት እንዳይጎዳ ብለው በማኅበራቸው መከሩ፤ ከዘንድሮ ጀምሮ ቱሪስት የሚያመጣው እነሱ የመረጡት አስጎብኚ ብቻ ነው። ውሳኔውን ይዘው የመጡት ደግሞ ሽማግሌው ናቸው። ያ ተራራ ከቀረበት ዘነበ አበቃለት፤ ሌላ መስመር የለውማ።

ሽማግሌው ከማዶ ሲወጡ ሮጦ ተቀበላቸውና ምሳ ቤት አስገባቸው። ያዘዙት ሽሮ እስኪመጣ እንኳ አላስቻለውም።

«እሷ ጋ ምን ወሰደዎት አባቴ? ልጅቷ እኮ ሥራውን አታውቀውም። ማለቴ፣ ፈረንጆቿን ተራ በደረሰው ፈረስ ላይ ነው የምታስቀምጣቸው! ከሲታ ይሁን አንካሳ ደንታ የላትም።»

«አንተስ?»

«እኔማ ሁልጊዜ ያገርዎን ሰው የሙሐሲንን ፈረሶች ነው የምከራየው። ለእንግዳዬ ምርጥ ምርጡን!» አለ ደረቱን ነፍቶ።

«የሙሐሲን ቤትማ ጠገበ» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ። «የሌላው ፈረስ ጋጣ ውስጥ ቆሞ ሲውል ባለቤቱ ምን የሚሠራ ይመስልሃል? መጥረቢያውን ይዞ ጥድ ይቆርጣል። ተራ ያወጣነው ለዚህ ነው፤ ይደርሰኛል የሚል ሰው ደኑን ይጠብቃል። አሁን ንገረኝ፣ ተራውን ትቀበላለህ?»

እሺ ቢል ምን ነበረበት! እሺ ማለት ግን ሰብሪና ልክ ነበረች ማለት መሰለውና ቱግ አለ። «እኔ በእሷ ሥርዓት አልመራም፣ በቃ!»

«ሥርዓቱስ የኛ ነው። እሷ ጋ የገባሁት ሥራው ላንቺ ተሰጥቷል ልላት ነበር። እሷ ግን፣ ጋሽ ዘነበ ያስተማረኝን ሥራ ከእጁ አልነጥቅም፣ ለሁለታችን ይሁን ብላ ድርቅ አለች። ተራውን ከተቀበለ እሺ ብያት ነው ወዳንተ የመጣሁት።» ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ። «እንግዲህ ብቻዋን ትያዘው።»

«ቆይ አባቴ፣ ማለቴ…» ቢል ማን ሰምቶት። ወጥተው ሄዱ።

ሽሮው ቀርቦ ሳይነካ ቀዘቀዘ። ትንሽ ቆይታ ሰብሪና እየሳቀች ገባችና ሽማግሌው የተነሡበት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ተስማማችሁ አይደል?»

ዘነበ ቀና ብሎ አያት። ይባስ ብላ ደግ መሆኗ! ምነው አንዴ እንኳ ክፉ ሆና ባገኛት!

«ሥራው ያንቺ ብቻ ሆኗል። ደስ ይበልሽ» አላት።

ሰብሪና ደስ አላላትም። ሳቋ ጠፋ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከሁሉ በላይ ያንገበገበውም ይኸው ነው።