ያልጠፋው ቁልፍ

«ቁልፍ ነው! ቁልፍ ነው የጠፋብኝ!» አለ ባሮክ፣ ሳያስበው ከአፉ ዱብ ብሎበት።

በቃ፣ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚች ጋ ነው። ግን ምን ይበል? ወደ ጌጃ ሰፈር መውረጃው ላይ ያለው የድንጋይ ግንብ ስር ተንበርክኳል፣ አንገቱ ላይ የፀጉር ቤት ጨርቅ ታስሯል፣ ጭንቅላቱ በግራ በኩል ሙልጭ ብሎ በቀኝ በኩል እንደ ጫካ ቆሟል። እንደዛ ሆኖ ጣቱን በየድንጋዩ ስንጥቅ ሲሰድ እትዬ ሙሉመቤት ዓይናቸውን ጣሉበት። እትዬ ሙሉመቤት እዛው ግንብ ስር ጎመንና ሽንኩርት ዘርግተው የሚሸጡ ናቸው። ባሮክን ከነእናቱ ያውቁታል። ደግሞ ሰፈር ውስጥ ወድቆ የተገኘ ነገር ሁሉ የሚቀመጠው እሳቸው ጋ ነው፤ መታወቂያ በለው፣ ስልክ በለው፣ አንዴ እንዲያውም አንድ እግር ጫማ። ምልክቱን በትክክል የነገራቸው ይወስዳል።

«የምን ቁልፍ?» አሉት።

«የቤት።»

«ውይ በሞትኩት! እናትህስ?»

«ቅዳሴ ናት።»

ይሄኛው እንኳን እውነት ነው። ቀኑ እሁድ ነው፤ ወሩ ደግሞ የገባበት አንደኛው ቀን፣ ልደታ ናት። ግማሹ ሰፈር ነጠላውን እንዳጣፋ ከቤተክርስቲያን እየወረደ ነው።

«እሷስ መጥታ በምን ልትገባ ነው? ኧረ የሰው ያለህ!» ብለው እትዬ ሙሉመቤት ተነሱ። «የባሮክ ቁልፍ ጠፋ! ዓይን ያላችሁ ኑ እስቲ!»

«ኧረ እትዬ ይተዉት፣ እኔው ራሴ...»

«ዝም በል አንተ! ሰው ለመቼ ነው?»

ሰው መጣላችኋ።

ቆይ ግን፣ አሥር ደቂቃ ብቻ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ባሮክ ረሻድ ፀጉር ቤት ተቀምጦ እየተቆረጠ ነበር። ረሻድ ግራውን ጨርሶ ማሽኑን ወደ ቀኝ ሊያዞር ሲል የባሮክ ስልክ ጮኸች። አየት አደረጋትና ከወንበሩ ብድግ! «አዲስ ካሽ!»

ጨዋታው ጂኦካሺንግ ይባላል፤ ቀላል ነው። አንድ ሰው «ካሽ» የሚሏትን ትንሽ እቃ የሆነ ቦታ ይደብቅና ቦታውን አፑ ላይ ያስቀምጣል። ሌላው ስልኩን ይዞ ሄዶ ይፈልጋል። ሲያገኝ ውስጡ ያለችው ጥቅል ወረቀት ላይ ስሙን ጽፎ እቃውን እንደነበረ ይመልሳል። አለቀ። ሽልማት የለው፣ ዋንጫ የለው።

ግን የመጀመሪያዋ መስመር! እሷን ያልቀመሰ ሰው አይገባውም። ባዶ ወረቀት፣ ገና የማንም እጅ ያላረፈበት። ሌሊቱን ዘንቦ ሲያድር፣ ጠዋት ማንም ሳይወጣ፣ ለስላሳው ጭቃ ላይ የመጀመሪያውን እግር እንደማሳረፍ ነው። ባሮክም ቢሆን አልቀመሳትም፤ በወሬ ነው የሚያውቃት። ከእንጦጦ እስከ ቢሾፍቱ ሠላሳ አንድ አግኝቷል፣ ሠላሳ አንዱንም ሲከፍት ከላይ የሌላ ሰው ስም። የመጨረሻዎቹ ስድስቱ ላይ ደግሞ የአንድ ሰው ስም ብቻ፣ ሶፊ፣ ከጎኑ ትንሽዬ ኮከብ ተስሎ። ያቺ ኮከብ በሕልሙ ሁሉ ትመጣበታለች።

አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ አዲስ ካሽ በየቀኑ የሚወጣ ነገር እንዳይመስላችሁ። ባሮክ የመጨረሻውን ካየ ዓመት ሊሞላው ነው። አሁን ግን ወጣ፣ የት? ልደታ! ከረሻድ ወንበር ሁለት መቶ ሜትር! ልደታ ተወልዶ ልደታ ያደገ ልጅ በገዛ ሰፈሩ ሊቀደም ነው እንዴ?

«አንተ! ግማሽህን ጥለህ ወዴት ነው?» አለ ረሻድ።

«መጣሁ!»

«ኧረ ጨርቄን!»

ማን ሰምቶት። እየሮጠ የፈላጊዎቹን የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተ፣ ሶፊ ቀድማ ጽፋለች። «ስታዲየም ነኝ፣ ባቡሩ መጣ። ባሮኬ አታስብ፣ እስክሪብቶ ይዤልሃለሁ፣ ሁለተኛዋ መስመር ላይ ትጽፍበታለህ።»

ከስታዲየም ልደታ አራት ፌርማታ ነው። አራት!

ግንቡ ጋ ሲደርስ ስልኩ ላይ ያለችው ቀስት አበደች። አንዴ ወደ ግንቡ፣ አንዴ ወደ እትዬ ሙሉመቤት ጎመን፣ አንዴ ወደ ሰማይ። ግንቡ ደግሞ ሠላሳ እርምጃ ይሆናል፣ ስንጥቁ አይቆጠርም። ደባቂው የሰጠው ፍንጭ አንድ መስመር ነው፤ «ከጉልበት በላይ፣ ከልብ በታች።» ባሮክ ተንበርክኮ መዳሰስ ጀመረ፣ እትዬ ሙሉመቤት ምን ጠፋብህ አሉት፣ የቀረውን ታውቁታላችሁ። እውነቱን ለምን አልተናገረም እንዳትሉኝ። «የማላውቀው ሰው እዚህ ግንብ ውስጥ የደበቀውን እቃ እየፈለግኩ ነው» ብሎ እስቲ አንዱ ይሞክርና እንየው። ፖሊስ ነው የሚጠራበት።

ወደ ግንቡ ልመልሳችሁ። ከቅዳሴ የሚመለሱ ሁለት እናቶች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ጎንበስ አሉ። ጫማ የሚጠርገው ልጅ ብሩሹን ጥሎ መጣ። ሎተሪ አዟሪው መጣ። ከቤተክርስቲያን የሚወርዱ ሌሎች አራት ሰዎችም ተጨመሩ። ረሻድም መጣ፣ ማሽኑን እንደያዘ።

«ጨርቄን ልወስድ ነበር የመጣሁት» አለ ረሻድ፣ «ምን ጠፋበት?»

«ቁልፍ!»

«በግማሽ ጭንቅላት ሮጦ ቁልፍ ባይጠፋበት ነበር የሚገርመኝ» አለና እሱም ተንበረከከ።

መጨረሻ ላይ ጋሽ ፉፋ መጡ። ጋሽ ፉፋ የፊት ለፊቱ ኮንዶሚኒየም ጥበቃ ናቸው፣ የድሮ ወታደር። ዱላቸውን መሬት ላይ ሁለቴ መቱና «ቁም!» አሉ። ሁሉም ቆመ። «ፍለጋ ሥርዓት አለው። እንደ ዶሮ መጫር አይደለም። አንተ ከዚህ እስከዚህ መሬቱን። አንቺ ከጎመኑ እስከ ቦዩ። እኔ ግንቡን አያለሁ፣ አንዳንዴ ነጥሮ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል።»

ግንቡን! ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነዘረች፣ ሶፊ ናት። «ሜክሲኮ።»

አስቡት እስቲ። ባሮክን ሳይጨምር አሥራ አንድ ሰው፣ ሃያ ሁለት እጅ፣ እሱ ብቻ ሊያገኘው የሚገባው ነገር ላይ ዘምቷል! ካሹን አንዱ መዥረጥ አድርጎ ቢያወጣው አለቀለት። እና ደግሞ ያሳዝናሉ። አንደኛዋ እናት ነጭ ቀሚሳቸው ጉልበቱ ጋ አቧራ ሆኗል፣ እሳቸው ግን «አይዞህ የኔ ልጅ፣ የትም አይሄድም» እያሉ ያጽናኑታል።

ስልኩ ነዘረች። «ተግባረ ዕድ። ላብህን ጥረግ።»

አንድ ፌርማታ ቀረ! ባሮክ አሰበ፣ አሰበና አንድ መላ ብልጭ አለለት። ቁልፉ ከተገኘ ሰው ይበተናል። ሰው ከተበተነ ግንቡ የእሱ ይሆናል። ቁልፉ ደግሞ ያው ኪሱ ውስጥ ነው! ቀስ ብሎ አወጣና፣ ማሳል አስመስሎ ጎንበስ ሲል ጎመኑ ጥግ ለቀቅ አደረገው።

እትዬ ሙሉመቤት ቅጠሉን ገለጥ ከማድረጋቸው «እልልልልል!»

ያን እልልታ ብትሰሙት ሰው የተዳረ ነው የሚመስላችሁ። ያ ሁሉ ሰው ተነስቶ ጉልበቱን እያራገፈ ሳቀ። ረሻድ ጀርባውን መታው። ቀሚሳቸው አቧራ የሆነው እናት «ራሷ ልደታ ናት ያገኘችልህ፣ በዕለቷ!» ብለው መረቁት። ባሮክ እጅ እየነሳ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በቃ ሂዱ፣ አደከምኳችሁ፣ ሂዱ» ይላል። የሚሄድ ግን የለም። ሁሉም ቆሞ እሱ እስኪሄድ ይጠብቃል። ቁልፉን ያገኘ ሰው ቤቱ ነዋ የሚገባው!

«ቆይ» አሉ ጋሽ ፉፋ። «ከቁልፉ ሌላ የጠፋብህ ነገር የለም?»

«የለም ጋሼ።»

«አስብ እንጂ። ዝም ብለህ አትመልስ።»

ስልኩ ነዘረች። ማየትም አላስፈለገውም፤ ልደታ ጣቢያ ደርሳለች። ሽማግሌው ለቀቅ እንዲያደርጉት ብቻ ፈልጎ፣ «ልደታን! ጋሼ፣ ልደታን ምንም የለም፣ ቁልፉ ብቻ ነው!» አለ።

«እንግዲያው ይቺ ያንተ አይደለችም» አሉና ጋሽ ፉፋ ከካፖርታቸው ኪስ አንዲት ነገር አወጡ።

አውራ ጣት የምታክል ጥቁር ፕላስቲክ። ክዳን አላት።

ካሹ!

«ከጉልበቴ ከፍ ብላ ከነበረች ስንጥቅ ነው ያወጣኋት። ቁልፍ ስላልሆነች ዝም አልኩ። አልከፈትኳትም፣ የሰው እቃ አይከፈትም።» ለእትዬ ሙሉመቤት አቀበሏቸው። «ያዢያት። ምልክቷን የነገረሽ ይውሰድ።»

እንዲህ እያሉ እያለ ሶፊ ቁና ቁና እየተነፈሰች መጣች። ባሮክን ስታየው ሩጫውን ረስታ ሳቋን ለቀቀችው።

«ባሮኬ! ግማሽህን ማን በላው?»

«አንቺስ ልጄ፣ ምን ጠፋብሽ?» አሏት እትዬ ሙሉመቤት።

ሶፊ ልትመልስ አፏን ከፈተችና እጃቸው ላይ ያለችውን አየች። «እማማ፣ ያቺ ከግንቡ ነው የወጣችው?»

«ያንቺ ናት?»

«የእኔ እንኳን አይደለችም። ጨዋታ ነው፣ ሰው ይደብቃል እኛ እንፈልጋለን። ግን ምልክቷን አውቃለሁ። ውስጧ ጥቅል ወረቀት አለ፣ ገና ማንም ያልጻፈበት።»

እትዬ ሙሉመቤት ክዳኑን ከፈቱ፣ በጣታቸው ሳብ አድርገው ዘረጓት። ወረቀቷ ባዶ ናት። ነጭ፣ አንድም ስም የለባት፣ የመጀመሪያዋ መስመር ፀሐይ ላይ ታበራለች። ሠላሳ አንድ ጊዜ የፈለጋት መስመር፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ!

«ትክክል ነሽ» አሉ እትዬ ሙሉመቤትና ወደ ሶፊ ሊዘረጉላት ሲሉ፣ ሶፊ እጇን ሰበሰበች። ባሮክን አየችው፣ ጨርቁን፣ አቧራ የሆነ ጉልበቱን፣ በአቧራ ያለቀውን ሰው ሁሉ አየች።

«ቆይ» አለችው። «አንተ ቀድመህ ነው'ኮ የደረስከው። እሷን ስትፈልግ ከሆነ የወጣችው ያንተ ናት። ሰርቄ ኮከብ አልስልም። ንገራቸውና ውሰዳት።» እስክሪብቶዋን ዘረጋችለት።

ሰው ሁሉ ወደ ባሮክ ዞረ።

«ይቺ ልጅ ምንድን ነው የምትለው?» አሉ ጋሽ ፉፋ። «ቁልፍ አልነበረም እንዴ የምንፈልገው?»

«ባሮክ» አሉ እትዬ ሙሉመቤት፣ ድምፃቸው ወረድ ብሎ። «ልደታን ብለህ የማልክልን አሁን አይደል እንዴ ልጄ?»

አንድ እጁ ላይ ቁልፉ አለ። ሌላው እጁ ወደ እስክሪብቶው ሊሄድ ፈልጎ መሃል ላይ ቀርቷል። እስክሪብቶውን ከተቀበለ፣ ምንም ቁልፍ አልጠፋብኝም፣ ያለ ነገር ነው አቧራ ላይ ያንበረከክኳችሁ፣ በዕለቷ በልደታ በውሸት ማልኩ ብሎ ለአሥራ አንድ ሰው መናገር አለበት፣ ማታ ደግሞ ለእናቱ ይደርሳል። ራሱን ከነቀነቀ ግን ሶፊ ሰባተኛውን ኮከብ ትስላለች፣ እሱም በየቀኑ በዚህ ግንብ ስር ያልፋል።

«በል እንጂ» አሉት እትዬ ሙሉመቤት። «ያንተ ናት ወይስ አይደለችም?»

እናንተ ብትሆኑስ ምን ትሏቸው ነበር?