ሦስተኛዋ የውሃ ዶሮ

የእህቷ ባል ቀያሽ ነበር፤ ጡረታ ሲወጣ መሬቱን ትቶ ሰማዩን መቀየስ ጀመረ። በወር አንድ እሁድ ማለዳ አራት ሰዎች፣ ሚስቱን፣ የሚስቱን እህት፣ አንዲት ነርስና አንድ ጸጉር አስተካካይ፣ አስከትሎ ሐይቁን ይዞራል፣ ወፍ ይቆጥራል። ሕጉ አንድ ነው፤ ሁለት ሰው ያላየው ወፍ አይመዘገብም።

እሷ ደግሞ ሠላሳ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። ማን ታሞ፣ ማን ተጣልቶ እንደደወለ ከ"ሃሎ"ው ትለይ ነበር። ዘንድሮ ግን ዓይኗ ደክሟል። ከመኪና ሲወርዱ ቀያሹ ጠጋ ብሎ፣ "እትዬ፣ አትቀየሚኝና ከዛሬ በኋላ ቤት ብታርፊ ይሻላል። ቆጠራ ዓይን ይፈልጋል" አላት።

ደሟ ፈላ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከቤት የሚያስወጣት ይሄ እሁድ ብቻ ነው፤ እሱን ቀምቶ እረፊ ይላታል! ዕረፍትማ ሞልቷታል። ጭቃውን እየረገጠች ቀድማው ሄደች።

ሸምበቆው ዘንድ ሲደርሱ ቀያሹ በመነጽሩ ከዳር እስከ ዳር ቃኘና "ባዶ" ብሎ ጻፈ።

"ባዶ አይደለም" አለች። "ሦስት የውሃ ዶሮ አለ። ሁለቱ ከፊት፣ አንዷ ወደ ግራ ገባ ብላ።"

"ታይተዋል?"

"ተሰምተዋል።"

"እንግዲህ እትዬ፣ ሕግ ሕግ ነው።"

"ሕጉን ያወጣኸው አንተ አይደለህ?" ብላ እርጥቡ ሣር ላይ ዘጭ አለች። "ከዚህ ንቅንቅ አልልም። የቸኮለ ይሂድ።"

እህቷ ባሏን አየት አድርጋ አጠገቧ ተቀመጠች። ነርሷና ጸጉር አስተካካዩም ተከተሉ። ቀያሹ ብቻ እንደ ችካል ተገትሮ ቀረ።

ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቁ። ከዚያ ሁለት የውሃ ዶሮዎች ከሸምበቆው ብቅ አሉ።

ቀያሹ ሳቀ። "ሁለት! ሦስተኛዋስ?"

ድንግጥ አለች። ጆሮዋም ከዳት ማለት ነው? ግን ያቺ በግራ በኩል አሁንም ትነጫነጫለች።

"አለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሁሉም ሳሎን ይወጣል እንዴ?"

ነርሷ ሳቋ አመለጣት። ቀያሹ "ሁለት" ብሎ ሲጽፍ እስክሪብቶውን ከእጁ መነጨቀችው፤ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ፊደሏ ከመስመር ቢወጣም፣ "ሦስት፣ አንዷ በጆሮ" ብላ ጻፈችና ፈረመች።

"ውሸት ከሆነ የኔ ውሸት ይሁን። ቤት መዋል ግን የለም። በሚመጣው ወርም እመጣለሁ፤ በመኪናህ ባትወስደኝ በእግሬ እመጣለሁ!"

ቀያሹ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ሲቀበል በግራ በኩል አንዲት ወፍ ጮኸች። ሰማት።

ቀጣዩ መቆሚያ የወደቀው ግንድ ጋ ነው። መነጽራቸውን ያነሱት ሁሉ ዓይናቸው ላይ ሳያደርጉት ወደ እሷ ዞረው ቆሙ፤ ቀያሹም እስክሪብቶውን እንደያዘ።

"እኔን ምን ታያላችሁ?" አለች። "ዝም በሉና ልስማበት!"