ጥር አሥራ አንድ የተጻፈ ደብዳቤ

ወይዘሮ ለተገብርኤል ደብዳቤውን ለሦስተኛ ጊዜ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት። ክብ ማኅተም አለው፤ ቁጥርና ፊርማም አለው። የማይታዘዙ እግሮቻቸውን የተካችው ባለወንበርና ባለባትሪ ስኩተራቸው ሰሌዳ ስለሌላት ከግቢ ውጭ እንዳይነዷት ይከለክላል። ልጃቸው ዘአማኑኤል ትናንት ከትራንስፖርት ቢሮ ተሰጠኝ ብሎ አምጥቶ፣ ዓይናቸውን ሳያይ ጠረጴዛው ላይ አኑሮት ሄደ።

የተጻፈበት ቀን ግን ጥር 11 ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት የሠሩት ሴት በጥምቀት ዕለት ደብዳቤ ወጪ የሚያደርግ ቢሮ አያውቁም።

ጥርጣሬያቸው ከቢሮው አልፎ ልጃቸው ላይ ሲያርፍ አፈሩ። ባለፈው ወር ስታዲየም አጠገብ ከሚኒባስ ለጥቂት ከተረፉ ወዲህ ዘአማኑኤል እንቅልፍ አጥቷል። ቢሆንስ? ስኩተሯ ከመምጣቷ በፊት አራት ዓመት ሙሉ የቂርቆስን ቅዳሴ ከአልጋቸው ሆነው በድምፅ ማጉያ ብቻ ነው የሰሙት። ወደዚያ አልጋ የሚመልሳቸው ፍቅርም ቢሆን ያስፈራል።

ልጃቸው ለሥራ እንደወጣ የምታንጸባርቀውን ሰደርያ ደርበው፣ ፍጥነቱን ቀንሰው፣ በእግረኛው መንገድ ዳር ዳሩን እስከ መስቀለኛው ድረስ ነዱ። እዚያ የምትቆመው ትራፊክ ፖሊስ ሰብሪና አየቻቸውና ፈገግ አለች።

«እማማ፣ መንጃ ፈቃድ ይዘዋል?»

«የወንበር መንጃ ፈቃድ የት ነው የሚወጣው፣ ልጄ?»

ከዚያ ቀልዱን ትተው ክልከላ እንዳለ ጠየቋት። እሷ ዘንድ የደረሰ ትእዛዝ አልነበረም። በእግረኛ እርምጃ ልክ ከነዱ፣ የመኪና መንገድ ካልገቡ፣ ዜብራውንም መኪኖቹ ጨርሰው ሲቆሙ ከተሻገሩ እንደማታስቆማቸው ነገረቻቸው። ወዲያው ግን ግንባሯ ተቋጠረ።

«ማነው የከለከለዎት? ደብዳቤ ካለ ሳላየው አላሳልፍዎትም።»

ደብዳቤው ያለበት ቦርሳቸው ጭናቸው ላይ ነበር። ሐሰተኛ ማኅተም የተገኘበት ሰው ከመዝገብ ቤታቸው በካቴና ሲወጣ አንድ ቀን አይተዋል፤ ወረቀቱን ለፖሊስ ያቀበሉት እሳቸው ነበሩ።

«ደብዳቤ የለም» አሉ። «የሰፈር ወሬ ነው።»

ፖሊሷ ፊታቸውን አጥንታ፣ ያመነችም ያላመነችም ሳትመስል እጇን ዘርግታ መኪኖቹን አቆመች። ወይዘሮ ለተገብርኤል ዜብራው ላይ ወጡ። ማዶ፣ ከታክሲ ሰልፉ መሐል፣ ዘአማኑኤል ቆሟል። ከፖሊሷ ጋር ሲነጋገሩ አይቷቸዋል። እናቱ እየቀረቡት ሳለ ዓይኑ መጀመሪያ የሄደው ወደ እሳቸው አልነበረም፤ ከኋላቸው ወደ ቆመችው ፖሊስ ነበር።

ጣታቸውን ከስኩተሯ መንጃ ላይ ሳያነሱ ቀረቡት።