እስከ ካይሮ የተቆጠረ ዘር

«ማርያምን፣ አንዲት ቃል ብጨምር ምላሴ ይታሰር» ብሎ ማለ ከፍያለው።

ከኔ የተሻለ ተናጋሪ በመላው ቴክሳስ የለም ብሎ፣ ሽማግሌዎች መላክን ትቶ ታላቅ እህቱን አየለችን ብቻ አስከትሎ፣ ለልጁ ለያፌት ሮሆቦትን ሊጠይቅ ዋይሊ ድረስ መጥቷል። የልጅቷ አባት አቶ ኃይለ መስቀል ጥሎሽ አላነሱም። «ሰባት ቤት ይቁጠሩልኝና ዘመዳሞች አለመሆናቸውን እንይ። ያለዚያ ልጄን አልድርም» ነው ያሉት።

ከፍያለው የአባቱን ስም ጠራ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና መካከል ያሉትን አያቶች ባንድ ዝላይ አልፎ ካይሮ ገባ።

«ሰባተኛው አያቴ የግብፅ አይሁድ ሁሉ አለቃ፣ ታላቁ ረቢ ነታን ናቸው። የሾማቸው ሱልጣኑ ራሱ ነው።»

«መቼ ነው ይኼ?»

«ስምንት መቶ ዓመት ቢሆነው ነው።»

«በሰባት ቤት?»

«ዘራችን ዕድሜ አለው።»

አቶ ኃይለ መስቀል ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ።

ታሪኩን ለታክሲ ነጂው ለከፍያለው ያጫወተው፣ ባለፈው ወር ከኤርፖርት ወደ ሪቻርድሰን ሲያደርሰው ሀይዌይ ላይ የትራፊክ መጨናነቅ አብሮት የያዘው አንድ ፕሮፌሰር ነው። ፕሮፌሰሩ ረቢው ሀኪምም ነበሩ አለ፤ ከፍያለው ሙት አስነሡ አደረገው። ፕሮፌሰሩ በበቅሎ ይሄዱ ነበር አለ፤ ከፍያለው በቅሎዎቹን አርባ አደረሳቸው።

«ሱልጣኑ ያለሳቸው ምሳ አይቀርብለትም። ሶ ምቀኞች ተነሡ፤ ‹ይህ ሰው ወይ ይስለም ወይ ይባረር› አሉ። ሱልጣኑ ምን አለ? ‹እኔ ቤት የተጠጋ ሰው በአምላኩ ይኖራል፤ እሱን የነካ እኔን ነካ።› ረቢውም እስኪሞቱ ድረስ፣ በየሰንበቱ ምኩራብ ቆመው፣ ለዚያ ሙስሊም ንጉሥ ዕድሜ ይለምኑ ነበር።»

እዚህ ላይ ድምፁ ተሰበረ። ይኼኛውን ክፍል ፕሮፌሰሩ አልነገረውም።

እህቱ አየለች ቀስ ብላ ቀና አለች።

«አቶ ኃይለ መስቀል፣ ይቅር ይበሉን። ረቢ የለም፣ ሱልጣንም የለም። ከአባታችን በላይ አንድም ስም አናውቅም።»

«እትዬ…» አለ ከፍያለው።

«ተው ወንድሜ። አባታችን በሦስት ዓመቱ ባቲ ገበያ ላይ ብቻውን ሲያለቅስ ነው የተገኘው። ሐጂ ይመር የሚባሉ ሰው ወስደው ከልጆቻቸው ጋር አሳደጉት። አንገቱ ላይ ማተብ ቢያዩ ‹የናቱ አደራ ነው› ብለው አልበጠሱበትም። እሁድ እሁድ እጁን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያደርሱትና ቅዳሴው እስኪያልቅ ውጭ ይጠብቁት ነበር። አባታችንም የሳቸውን ስም ሳይጠራ ጸሎት ዘግቶ አያውቅም። ቁጠሩ ካሉን፣ ያለን እሳቸው ብቻ ናቸው።»

ከፍያለው መሬት መሬት አየ።

አቶ ኃይለ መስቀል የሐጂን ቤት በጣታቸው ቆጥረው ወደ እህትየዋ ዞሩ።

«የሐጂ አባትስ ማን ይባላሉ?»